መልስ፦ ከጂብሊ ፊልሞች በየትኛው ልጀምር?

ከ7 ዓመት ልጅሽ ጋር በየትኛው የጂብሊ (የጃፓን የአኒሜሽን ስቱዲዮ) ፊልም ብትጀምሪ እንደሚሻል ጠይቀሻል። እኔ ‹ጎረቤቴ ቶቶሮ› እላለሁ። ክፉ ሰው የለበትም። እናታቸው ሆስፒታል የተኛችባቸው ሁለት እህትማማቾች ገጠር ገብተው ትልቅ የጫካ መንፈስ ያገኛሉ፣ በቃ። ግን ማታ በዝናብ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመው አባታቸውን ሲጠብቁ! ትንሿ እህቷ ጀርባ ላይ ታዝላ እንቅልፍ ወስዷታል። ቶቶሮ መጥቶ አጠገባቸው ይቆማል። ብዙ የሚያወራ የለም፤ ጠብታው ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። የፊልሙ ዳይሬክተር ሚያዛኪ ለዝምታ ጊዜ ይሰጣል። እኔ እሱን ነው የምወድለት።

ሌላውን የጂብሊ ፊልም ‹የአብሪ ጥንዚዛዎች መቃብር›ን ግን ለጊዜው አቆዪው። ሁለቱም ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ቀን ነው አብረው የወጡት። ይሄኛው፣ የዳይሬክተር ታካሃታ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በጦርነቱ የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ከአየር ስትደበደብ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት ታሪክ ነው። ታካሃታ ራሱ በ9 ዓመቱ ከኦካያማ ከተማ የአየር ድብደባ ተርፏል። ልጅሽ ከተኛች በኋላ እዪው።