የጉሙ ማስታወቂያና የበጉ ዋጋ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔ በደብረ ብርሃን ከተማ መምህር ስሆን ከትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ጋር አጭር የስላቅ ተውኔት በማዘጋጀት ላይ ነኝ። መነሻችን በቴሌቪዥን ያየነው የአንድ ባንክ ማስታወቂያ ነው፤ ጉም በሸፈነው ገደል አፋፍ ላይ በርኖስ የደረቡ አዛውንት ቃል ሳይተነፍሱ ይቆማሉ፣ «ጊዜ ምንድን ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል፣ ወዲያው የቁጠባ ሒሳቡ ስም ይወጣል። ስንተቸው የጥበብ ፊልምን የምናቃልል እንዳይሆን ሠጋሁ።

መልስ፦ ሥጋትዎ የጥበብ አክብሮት ስላለበት ደስ ብሎኛል። የሶቪየቱ የፊልም አዘጋጅ አንድሬ ታርኮቭስኪ ሲኒማን ጊዜን እንደ መቅረጽ ይቆጥረው ስለነበር፣ ካሜራውን በአንድ ትዕይንት ላይ ለረጅም ደቂቃዎች ሳያቋርጥ የሚያቆየው ተመልካቹ የጊዜን ማለፍ በገዛ ራሱ ላይ እንዲሰማው ነው። ማስታወቂያው ዝምታውንና ጉሙን ወስዶ ጥያቄውን ግን ሳይመልሰው ትቶታል፤ ስለዚህ ተውኔታችሁ መንካት ያለበት ጥበቡን ሳይሆን ይህን ጠይቆ ሳይመልሱ ማለፍ ነው።

ጊዜ ለቆጣቢ ምን እንደሆነ በቁጥር ይነገራልና። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። አንድ የመንዝ ገበሬ በዚያ ወቅት በጎቹን ሸጦ 10,000 ብር ቢያስቀምጥ፣ በዓመቱ የሚያገኘው ከ700 ብር ወለድ ጋር 10,700 ብር ሲሆን፣ የበግ ዋጋ በ30 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ የሸጣቸውን ያህል በግ ለመግዛት 13,000 ብር ያስፈልገዋል። በበጋ በክረምት መንጋውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንዲህ ዓይነት ስሌት ሳይነገረው በጉም ሥዕል መባበሉ እጅግ ያሳዝነኛል።

በመድረክ ላይ የእውነተኛውን ባንክ ስም አትጥሩ፤ የአዛውንቱንም አነጋገር ለማሳቂያ አታድርጉት። ዝምታው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆይ፤ ሹክሹክታው ጥያቄውን ሲያሰማ አዛውንቱ ወደ ድምፁ ዞረው በትሕትና «ልጄ፣ ወለዱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ድምፁም መልሶ «ጊዜ ምንድን ነው?» ይበላቸው።