ሥራ ይዣለሁ ብዬ አባቴን ዋሸሁት

ጥያቄ፦ «25 ዓመቴ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አዲስ አበባ እህቴ ቤት ነው የምኖረው። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ‹መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?› የሚለው ጥያቄ ሲሰለቸኝ ‹ይዣለሁ› አልኩ። አባቴ ለዕድርተኛው ሁሉ ተናገረ። አሁን ለታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ እንድልክ እየጠየቀኝ ነው። ስልኩን ማንሳት አቁሜያለሁ። እህቴ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› እያለች ትሸፍንልኛለች። የዶርም ጓደኞቼንም እሸሻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቀን ከአልጋ አልነሳም። አንድ ሳይት ላይ ስቶር ኪፐር ሆነህ ግባ ተብያለሁ። ልግባ ወይስ በሙያዬ ልጠብቅ? ለአባቴስ ምን ልበለው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ጥያቄ የጠየቅኸኝ ይመስልሃል። እኔ ግን እንደ አንድ ነው ያነበብኩት። ሥራ ይዣለሁ ያለ ሰው «ሥራ ፈልጉልኝ» ማለት አይችልም። ዋሽተህ ያመለጥከው ከጭቅጭቁ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ሊጠቁሙህ ከሚችሉ ሰዎችም ጭምር ነው።

«0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ስንቱ እንደሚያመለክት ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ሌላው መንገድ ሰው ነው። ዘመድ ማለቴ አይደለም። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነበር። እህትህ የምታውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። የዶርም ጓደኛህ መሥሪያ ቤት አንድ ቢሮ ኢንጂነር ሲለቅ ግን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። አንተ ደግሞ እሱን ትሸሸዋለህ።

ከአልጋ አለመነሳትህን ስንፍና አትበለው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ማሪየንታል በምትባል መንደር ፋብሪካው ተዘግቶ ነዋሪው ሥራ ፈታ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ሲያጠኑት፣ ሰዉ ጊዜ ተትረፍርፎለት ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ቀንሶ አገኙት። ሥራ ደመወዝ ብቻ አይሰጥም። ቀኑን ይከፋፍልልናል፣ ከሰው ያገናኘናል፣ የሚጠብቀን እንዳለ ያሳስበናል። ይህ ሲጠፋ ጉልበትም ይከዳል። ስለዚህ ሙድህ እስኪስተካከል አትጠብቅ። ቀድመህ ተነስ፤ ስሜቱ ከኋላ ይመጣል። እንቅልፍ ማጣቱና ምንም ነገር አለማስደሰቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም አማክር። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ አንድ ቀን አትደር፤ ለእህትህ ነግረህ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ስቶር ኪፐሩን ግባ እላለሁ። «ኢንጂነር ስቶር ይጠብቃል ወይ?» የሚለው ሐሳብ እንደሚያምህ ይገባኛል። ግን ሲሚንቶውና ፌሮው ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ በእጅህ ይሆናል። ሳይት ኢንጂነሩንም በየቀኑ ታገኘዋለህ። ቴክ ኦፍ (ከፕላኑ ላይ የሥራውን መጠን መለካት) ሲሠራ «ላግዝህ» በለው። አንድ ነገር ግን አደራ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሠራውን የሥራ ዓይነት የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። ወረቀቱ ላይ «ስቶር ኪፐር» ብቻ ከተጻፈ በሙያህ ስትወዳደር ላይያዝልህ ይችላል። በሙያህ የምትሠራው ተጨማሪ ሥራ ካለ በደብዳቤ እንዲሰጡህ ከአሁኑ ተነጋገር። ማመልከቱንም አታቁም።

ለአባትህ ለመንገር ግን ሥራ እስክትገባ አትጠብቅ። ከገባህ በኋላ እውነቱን ላለመናገር ምክንያት ታገኛለህ፤ ውሸቱም ተሸፍኖ ይቀራል። መጀመሪያ እውነቱን ልትነግረው እንደሆነ ለእህትህ ንገራት። አብራህ ስትዋሽ ስለከረመች ቁጣው ለእሷም ይተርፋል። ከዚያ ደውልለት። ቴክስት አይሁን፤ ሰው መሀል እያለም አይሁን። «አባዬ፣ በፋሲካ ሥራ ይዣለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። አፍሬ ነው። ገና እየፈለግሁ ነው። የወንድሜን ክፍያ አሁን መላክ አልችልም። ይቅርታ አድርግልኝ» በለው። በዚህ አብቃ። ያለ ዘመድ ሥራ አይገኝም የሚለው ክርክር እውነት ቢኖረውም ያን ቀን አይነሳ። ሊቆጣ ይችላል፤ ስልኩን ሊዘጋብህም ይችላል። ዕድርተኛውን ምን እንደሚል የሚወስነው እሱ ነው፤ ጊዜ ስጠው። ዝም ካለህ በሳምንቱ መልሰህ ደውል። ይህን ጉዳይ ሳታነሳ ጤንነቱን ጠይቀው።