መልስ፦ ከመንገዱ ማዶ ቢራ ይሸጣል፣ እኔ ለምን ተከለከልሁ?

ወንድሜ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አካባቢ ለምግብ ቤት ያየኸው ቦታ መጠጥ እንደማይሸጥበት ሲነግሩህ መደንገጥህ አይገርመኝም። እኔም ደርሶብኛል። ውል ፈርሜ፣ ቀብድ ከፍዬ፣ ወንበር ሳይቀር ከገዛሁ በኋላ ነው የሰማሁት። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ነዳጅ ማደያ ግን ማቀዝቀዣው በቢራ የተሞላ ነበር።

ምክንያቱ ነዋሪው በምርጫ የሰጠው ድምፅ ነው። የአሜሪካ አገር አቀፉ የመጠጥ ክልከላ በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲነሣ ውሳኔው ለክፍላተ ግዛት ተመለሰ። በቴክሳስ ካውንቲው (የክፍለ ግዛቱ አስተዳደር ክፍል)፣ ከተማው ወይም በካውንቲው ውስጥ ያለ ቀጠና ለየራሱ ይመርጣል፤ ድንበሩ አንድ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቴኔሲ ውስጥ ጃክ ዳንኤል የተባለው ውስኪ የሚጠመቅበት ሙር ካውንቲ እንኳ ለረጅም ዘመን ሽያጭ የተከለከለበት ነው!

የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በደንብ አንብብ። «መጠጥ ይፈቀድ?» ብሎ በደፈናው አይጠይቅም። ቢራና ወይን ወደ ቤት ይዞ ለመሄድ ብቻ መሸጥ አንድ ጥያቄ ነው፤ በምግብ ቤት የተቀላቀለ መጠጥ (እንደ ኮክቴል ያለ) ማቅረብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቢያልፍ ሱፐርማርኬቱ ይጠቀማል፣ አንተ ግን ከእንጀራው ጋር አንድ ብርሌ ጠጅ እንኳ መሸጥ አትችልም።

እንዲህ ያለ ምርጫ ለማስጠራት ባለፈው የገዥ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት የአካባቢው መራጮች የ35 በመቶውን ፊርማ በ60 ቀን ውስጥ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ከባድ ሥራ ነው፤ ለአንድ ምግብ ቤት ብለህ እንድትገባበት አልመክርህም። ይልቅ ከመፈረምህ በፊት አድራሻውን ይዘህ ወደ ከተማው ጸሐፊና ወደ ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሂድ። ለፈቃዱ የእነርሱ ማረጋገጫ ያስፈልግሃል፤ የአከራይህን ቃል አትመን።