መልስ፦ ለልጄ ብዬ ማራቶን ልሩጥ?

ወንድሜ፣ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ልትሮጥ አስበህ፣ «ሱሉልታ ነኝ፣ በ3 ወር እደርሳለሁ ወይ?» ብለሃል። ከዜሮ ከሆነ አትደርስም። 42.195 ኪሎ ሜትር ቀልድ አይደለም፤ እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ሞክር። ሱሉልታ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ቀስ በል። ለጉልበትህ ከአስፋልቱ ሜዳው ይሻላል። ጎህ ሳይቀድ ከወጣህ ዱላ ያዝ፣ የሰፈሩን ውሾች ታውቃቸዋለህ።

ገንዘቡ በአንተ አካውንት እንዳይገባ! በቀጥታ ማኅበሩ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኝም ይቆረጥ። ሰው ያወራል።

ልጅህንም ይዘኸው ውጣ። የእኔው ዊልቸሩ ላይ ሆኖ፣ ሃይላንዱን ጭኑ መሃል ወትፎ ይጠብቀኝ ነበር። ሳልፍ ውሃውን ከመስጠቱ በፊት «አባዬ፣ አሁንም የመጨረሻ ነህ» ይለኛል።