«ጡትሽ ደርቋል» ተባልኩ፤ ሁለተኛውን በምን ላጠባ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ሁለት ዓመት አጥብቼ አስጣልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ጡቴ ባዶ ከረጢት መስሏል። አሁን ሁለተኛውን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አማቴ «ወተትሽ አልቋል፣ የዱቄት ወተት ከወዲሁ ግዢ» ይሉኛል። እውነት ወተት ያልቃል እንዴ?

መልስ፦ አያልቅም እህቴ። አማትሽን ግን አትቀየሚያቸው፣ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ጡት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አካል አይደለም። ስትወለጂ የነበረሽ ጥቂት ቀጫጭን ቱቦ ብቻ ነው። ጉርምስና ላይ ቱቦዎቹ ስቡ ውስጥ ቅርንጫፍ አወጡ፣ ወተት የሚያመነጩት ትንንሽ ከረጢቶች ግን በብዛት የተሠሩት ስታረግዢ ነው። ልጁን ስታስጥይው ወተቱ ተጠራቀመ፣ ከረጢቶቹም «ሥራ ከሌለ ምን እንሠራለን» ያሉ ይመስል ራሳቸውን አጠፉ፣ ቦታቸውን ስብ ወሰደው። ቱቦው ግን አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደገና መገንባት የሚችሉ ሴሎች አሉ፤ ስቴም ሴል የምንላቸው ከእነሱ ወገን ናቸው።

በ2006 (በፈረንጆቹ) አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ያሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጡት አንድ ሴል፣ አዎ አንዲት ብቻ፣ ወስደው የጡት ቱቦው አስቀድሞ ተቆርጦ ወደተወገደለት የሌላ አይጥ የጡት ስብ ውስጥ ከተቱ። ያቺ ሴል ሙሉ የጡት እጢ አበቀለች፣ አይጧ ስታረግዝም ወተት መጣ። በጤነኛ ጡት ውስጥ ይህን ሥራ አንድ ዓይነት ሴል ነው የሚሠራው ወይስ እያንዳንዱ የቱቦው ግድግዳ ሽፋን የራሱ አለው የሚለው ገና ያከራክራቸዋል።

ታዲያ ሴሎቹ ማን ምን እንደሚሠራ በምን ያውቃሉ? በጂን ነው፣ ሴል ውስጥ ባለው የሥራ መመሪያ። ሴሎችሽ ሁሉ የያዙት ጂን ያው ነው፣ ልዩነቱ የትኛው በርቷል የትኛው ጠፍቷል ነው። ጋታ 3 የሚባለውን አይጥ ላይ ሲያጠፉት ወተት ሰጪው ሴል ሳይበስል ይቀራል። የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ስቴም ሴሎቹ ራሳቸው የእርግዝናን ሆርሞን የሚቀበሉበት ጆሮ የላቸውም። ጎረቤት ሴል ሰምቶ ነው «ተነሺ» የሚላቸው!

ጡትሽ ትልቅ ይሁን ትንሽ ብዙም አያሳስብሽ፣ መጠኑን በአብዛኛው የሚወስነው ስቡ ነው። በእርግዝናሽ ሁሉ ጡትሽ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ጡትሽ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ከነበረ ግን ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ዱቄቱን ለጊዜው ተዪው። አምስተኛ ወር ላይ ጡት እንገር መሥራት ጀምሯል፤ ለአማትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው።