ፊትና ኋላ የተለያየ ብራንድ ጎማ፦ ሞተሩ የሚዋልለው በዚህ ነው?

ጥያቄው ከሐይቅ የመጣ ነው፦ «ቦክሰር 150 አለኝ፤ ሰውም ጭነትም አመላልስበታለሁ። የኋላው ጎማ ላሽ ስለሆነ ደሴ ሄጄ ሌላ ብራንድ ገዛሁ። ጭነት ይችልልኛል ብዬ ከድሮው ሰፋ ያለ፣ 100/90-17 የሚል ወሰድኩ፤ ጥርሱም የጠጠር መንገድ ዓይነት ነው። የፊቱ ከሞተሩ ጋር የመጣው 2.75-17 ነው፣ አልነካሁትም። አሁን ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መታጠፊያ ላይ ኋላው ይዋልላል፣ ከ60 ሳልፍ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው ብራንድ ስለተደባለቀ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርግ አለኝ። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የብራንዱ አይደለም። ፊት ኤምአርኤፍ ኋላ ሲኤት፣ ወይም ተገላቢጦሽ አስሮ ያለ ምንም ችግር የሚሄድ ሞተር ሞልቷል። አንተ ጋ ያልተጣጣመው ቁጥሩና ጥርሱ ነው። ሁለት ጎማ ከመግዛትህ በፊት እነዚህን እንይ።

ከቁጥሩ እንጀምር፤ ዋናው እሱ ነው። ለሞተርህ ኋላ የሚገባው 3.00-17 ነው። ስፋቱ 3 ኢንች፣ 76 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ቁመቱም ወደዚያው ስለሚጠጋ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 585 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 100/90-17 ደግሞ ስፋቱ 100፣ ቁመቱ የዚያ 90 በመቶ፣ 90 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ 90፣ መሀል ላይ የ17 ኢንች ቸርኬው 432፤ ድምሩ 612። ስለዚህ የሞተሩ ኋላ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ተነሥቷል። ኋላው ሲነሣ የፊት ሾኩ ይቆማል፣ መሪው ይቀልና በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሌላም ምልክት አለው፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ ከወትሮው ቀድመህ ማርሽ የምትቀንስ ከሆነ ጎማው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ማርሽህን በ4 ተኩል በመቶ ገደማ አክብዶታል።

መዋለሉ ደግሞ ከቸርኬው ይመጣል። ሞተሩን አቁምና የኋላውን ቸርኬ ጠርገህ የተቀረጸውን አንብብ፤ 1.60 ወይም 1.85 የሚል ታገኛለህ። ይህ የቸርኬው የውስጥ ስፋት በኢንች ነው። 100/90 ጎማ የሚፈልገው ቢያንስ 2.15 ነው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ መሀሉ ይሾላል፣ ጎኑ ድጋፍ ያጣል። ቀጥ ብለህ ስትሄድ አይታወቅህም፤ ስታጋድል ግን ጎማው በቸርኬው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። የተሰማህ እሱ ነው። ሰው ከኋላ ጭነህ ከሆነማ ይብሳል። ካቴናው በኩል ጎንበስ ብለህ እይ፤ የጎማው ጎን ተፍቆ ካገኘኸው ዛሬውኑ አስወልቀው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ይታጨቃል።

ለጭነት ብለህ ሰፊ መግዛትህ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የጭነት አቅም የሚታወቀው በስፋት ሳይሆን ጎኑ ላይ በተጻፈው የጭነት ቁጥር ነው። 41 ማለት 145 ኪሎ፣ 47 ማለት 175 ኪሎ፣ 50 ማለት 190 ኪሎ ነው፤ አጠገቡ ያለው ፒ ፊደል የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያሳያል። አንተ የሚያስፈልግህ 3.00-17 ሆኖ 50ፒ እና 6 ፒአር (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ) የተጻፈበት ነው። ሞተሩ ራሱ 120 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንተ 70፣ ተሳፋሪው 70፣ አንድ 50 ኪሎ ጆንያ ብትጨምር ከ300 ታልፋለህ፣ ከዚህ ደግሞ አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ይህ ከ50ው የ190 ኪሎ ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። ወይ ሰው ወይ ጆንያ ጫን።

ጥርሱን በተመለከተ፣ አስፋልት የሚበዛብህ ከሆነ ሁለቱም የአስፋልት ጥርስ ይሁኑ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ስታጋድል ጥርሶቹ ይተጣጠፋሉ፤ ደሴ ከተማ ውስጥ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ መሬት የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ነውና ያንሸራትታል። ወደ ኩታበርም ወደ ገጠሩም ብዙ የምትወጣ ከሆነ መካከለኛ ጥርስ ያለው አለ፤ እሱን ፊትም ኋላም እሰር። ኋላ ባለ ትልልቅ ጥርስ፣ ፊት ላሽ ሊሆን የደረሰ የአስፋልት ጎማ፣ ይህ ከሁሉም የከፋው ድብልቅ ነው።

አሠራሩ ላይ ብዙ አልቆይም። በቁጥሮቹ መሀል ሰረዝ ብቻ ካለ የጎማው የውስጥ ክር በሰያፍ የተሠራ ነው፤ አር ፊደል ካለ ራዲያል ነው፣ ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ማለት ነው። ሁለቱን አትደባልቅ። በእኛ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ራዲያል ብዙም አያጋጥምህም።

አሁን የፊቱ። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ ፈልግ፤ ለምሳሌ 3519 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ጥርሱ እያለ እንኳ አይዝም። በጥርሶቹ ሥር ትንንሽ ስንጥቅ ካየህ፣ መሀሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ዳሩ ላይ ጠርዝ ካወጣ፣ ወይም በቦዩ ውስጥ ያለችው የማለቂያ ምልክት ከጥርሱ እኩል ከሆነች ቀይረው። እነዚህ ከሌሉ ብራንድ ለማመሳሰል ብለህ ገንዘብ አታውጣ። የኋላ ያገለገለ ጎማ ፊት እሰርበት የሚል ካለ አትስማ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው።

አዲሱን 3.00-17 ስታስገባ የውስጡንም ጎማ በዚያው ቁጥር ቀይር። በሰፊው ውስጥ የተለጠጠው ተጣጥፎ ይገባል፣ በታጠፈበት ይተነፍሳል። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይዙር። ንፋስ ከተሞላ በኋላ በጠርዙ ዙሪያ ያለችው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል መራቋን በጣትህ እየዳሰስክ ዙር፤ አንድ ቦታ ከሰመጠች ንፋሱን አስወጥተህ ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀባና እንደገና ሙላ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ አትለፍ። ከዚያ እርሳስ በኋላው ሹካ ላይ በላስቲክ እሰርና ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠግተህ አሽከርክር። ወደ ጎን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ የቸርኬው ሽቦ መወጠር አለበት። ፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ስታጠብቅ የካቴና ማስተካከያው ምልክት በግራም በቀኝም እኩል ይሁን፤ ጎማው ከተጣመመ የትኛውም ብራንድ አያቀናውም።

ንፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ለካ፦ ፊት 25፣ ኋላ ብቻህን 28፣ ሰው ስትጭን 32 ፒኤስአይ። ኮምቦልቻ ወርደህ ስትለካ ጨምሮ ብታገኘው ስለሞቀ ነውና አታስተንፍስ። በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለው 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ 1 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም።

ይህን ሁሉ አድርገህ መሪው አሁንም ከተንቀጠቀጠ ፊቱን አንሣና መሪውን ቀስ ብለህ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። አዲሱ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ሐረጎ ላይ ብዙ ሳታጋድል ሂድ፤ ከዚያ በኋላ ሽቦውንና የፐርኖውን ዳዶ እንደገና አስፈትሽ።