ወለድን የሚከለክለው ቃል ዛሬ ማንን ይመለከታል?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበሩ ለአባላቱ በወለድ ያበድራል፤ በዓመቱ መጨረሻም ትርፉን ያከፋፍለናል። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ «ወለድ በመጽሐፍ ቅዱስ የተከለከለ ነውና ከማኅበሩ ውጪ» አሉኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «የብሉይ ኪዳን ሕግ ስለሆነ አይመለከትሽም» ይለኛል። በዚህ መካከል ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር ጎረቤቴ ባሏ ታሞባት 20,000 ብር እንዳበድራት ለምናኛለች፤ የስፌት መኪናዋንም በመያዣነት ልትሰጠኝ ፈቃደኛ ናት። ማኅበሩ በሚያስከፍለው ወለድ ባበድራት ኃጢአት ይሆንብኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የተሰጡዎት ሁለት ምክሮች የሚቃረኑ ቢመስሉም ሁለቱም ሕጉ ለምን እንደተሰጠ አይጠይቁም። ምክንያቱን ግን መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል። ዘጸአት 22፥25 ወለድን ሲከለክል የሚናገረው ለድሀ ስለሚሰጥ ብድር ነው፤ ዘሌዋውያን 25፥35-37ም ስለ ደኸየና እጁ ስለ ደከመ ወንድም ይናገራል። ይህ ሕግ ሲጣስ ምን እንደሚከተል በነህምያ ምዕራፍ 5 እናያለን፤ በራብ ዘመን እህል ለማግኘት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን ያስያዙ፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት የደረሱ ሰዎች በገዛ ወገኖቻቸው ላይ ይጮኻሉ። ሕጉ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ተበዳሪ ነው፤ የሚከለክለውም የባልንጀራን ችግር ማትረፊያ ማድረግን ነው።

ቃሉን በዚህ መንገድ ማንበብ ዘመን ያመጣው ማለሳለሻ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥9 «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን የሙሴን ሕግ ጠቅሶ «እግዚአብሔርስ ስለ በሬዎች ይገደዋልን?» ሲል ይጠይቃል፤ የደከመ ሰው ከድካሙ ፍሬ ሊካፈል ይገባዋል የሚለውን መሠረት ከዚያ አውጥቶም ስለ ወንጌል አገልጋዮች ይናገርበታል። አውድማ ላይ ያደገ፣ በሬው ሲያበራይ ጎንበስ እያለ እህሉን ሲዝቅ ያየ ሰው የጳውሎስን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። የአገራችን የትርጓሜ መምህራንም ንባቡን ከፈቱ በኋላ «አንድም» እያሉ የሐሳቡን ስፋት የሚያሳዩት ይህንኑ መንገድ ስለሚያውቁት ነው።

ብዙዎች ይህን አነባበብ የሚፈሩት እያንዳንዱ የወደደውን መርሕ ብሎ እንዳያወጣ ነው፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። መርሑ መገኘት ያለበት ከንባቡ ነው። ለምሳሌ በማቴዎስ 25፥27 በመክሊቱ ምሳሌ ውስጥ ያለው ጌታ አገልጋዩ ገንዘቡን ለለዋጮች ሰጥቶት ቢሆን ከነትርፉ ይወስድ እንደነበር መናገሩን ወለድን ለመፍቀድ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም፤ ምሳሌው ስለ አገልጋይ ታማኝነት እንጂ ስለ ብድር ሕግ አልተነገረምና። ደግሞም በመርሕ ማንበብ ብዙ ጊዜ ቀንበሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። በገጠራችን ወለድ አገድ የሚባለውን ውል ያስቡ፤ አበዳሪው አንድ ሳንቲም ወለድ አይቀበልም፣ ነገር ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ የባለዕዳውን መሬት ራሱ እያረሰ ምርቱን ይወስዳል። በፊደሉ ከሄድን ይህ ሰው ነቀፋ የለበትም፤ ነህምያ የተቆጣው ግን ልክ በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነበር።

የጎረቤትዎም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዘዳግም 24፥6 ወፍጮና መጅ በመያዣነት እንዳይወሰዱ ያዝዛል፤ የሰውን ሕይወት እንደ መያዝ ነውና። የስፌት መኪና በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ሴትዮዋ የዕለት እንጀራዋን የምታገኘው ግን በእርሷ ነው። ስለዚህ መኪናዋን አይያዙባት፣ ወለድም አይጠይቋት። ገንዘቡ ቢዘገይ እርስዎም የሚቸገሩ ከሆነ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይስጧት፤ የመክፈያውንም ጊዜ አብራችሁ ወስኑ።

የማኅበሩ ብድር የተለየ ነው። ዘዳግም 23፥20 ለእንግዳ ሰው በወለድ ማበደርን መፍቀዱ ወለድ በባሕርዩ እንደ ስርቆት ያለ ነገር እንዳልሆነ ያሳያል። ማኅበሩ የሚያበድረው የአባላቱን ቁጠባ ነው፤ ወለዱም ለእነርሱው ተመልሶ ይከፋፈላል፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ያለ ወለድ ቢሰጥ የቆጣቢዎቹ ገንዘብ የመግዛት አቅሙ እየመነመነ ይሄዳል። ቤቱን ለመጨረስ ወይም ንግዱን ለማስፋት የተበደረ ባልደረባዎ ከሚያገኘው ጥቅም ጥቂቱን ቢያካፍል ተበደለ አይባልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተዋዋዮች በዓመት እስከ 12 በመቶ ወለድ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል፤ ሕግ የፈቀደው ሁሉ ግን ከታመመ ሰው ቤት ይወሰዳል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ከማኅበሩ መውጣት አያስፈልግዎትም። ነገር ግን ለሕክምና ወይም ለቀብር የሚበደር አባል ለንግድ ከሚበደረው ጋር እኩል ወለድ ይከፍል እንደሆነ፣ ታሞ መክፈል ላቃተው አባልም ምን ዓይነት የእፎይታ ጊዜ እንደሚሰጠው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይጠይቁ።